ካንዴላ ከመግዛት በፊት

መርካቶ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል አልነሳ ያለው ሰው ምክር አያጣም። ደጋግሞ ረግጦ ላብ ሲያጠምቀው ከአንዱ ወገን «ካንዴላ ቀይርለት» ይባላል፤ ከሌላው ወገን «ቦቢናው ነው»፤ ከበረንዳው ጥግ ደግሞ «ሲዲአይዋ ተቃጥላ ነው» የሚል ይነሳል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ሦስቱም በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ተሰቅለው መሸጣቸው ነው።

መለዋወጫ በማይገኝበት ገጠር ያለ ሰው ሳይወድ በግዱ ይመረምራል። ሽቦ ይከተላል፣ ዝገት ይፍቃል፣ የላላውን ያጠብቃል። መርካቶ ላይ ግን ገበያው ስለሚቀርብ ምርመራው ይዘለላል። ባለሞተሩ መጀመሪያ ካንዴላ ይገዛል፣ ቀጥሎ ቦቢና፣ ቀጥሎ ሲዲአይ፤ በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል። ማታ ላይ ሞተሩ የሚነሳው ከመቀመጫው ሥር ተሸራርፎ ከብረት ጋር ሲነካካ የዋለ አንድ ገመድ በፕላስተር ሲጠቀለል ይሆናል። የወጣው ገንዘብ ግን ወጥቷል።

ቦታው ለዚህ ዓይነቱ ጥድፊያ የተመቸ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የከተማዋን ዋና ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የተመሠረተው መርካቶ፣ ዛሬ ዕቃውን ሁሉ በየተራው ደልድሎ ይዟል። ሶማሌ ተራ የተሽከርካሪ መለዋወጫ፣ አዲሱም አሮጌውም፣ የሚታሰስበት ነው። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው የጣለው ብረት ተቀጥቅጦና ተጠግኖ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ሆኖ «ቆይ፣ መጀመሪያ እንየው» ማለት ትዕግሥት ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የሞተር ሳይክል እገዳ፣ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ከተፈቀደላቸው በስተቀር ብዙ ሞተሮችን ከመንገድ አስወጥቷል። ያም ሆኖ አሮጌ ሞተር አልጠፋም። በየክልሉ የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው የሚወጣበት ያማሃ፣ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን ሲጂ 125 ሞተር ገልብጠው የቻይና ፋብሪካዎች የሠሯቸው በርካታ ዓይነቶች፣ ጥላ ሥር ተሸፍኖ የቆየ ቬስፓ፤ ሁሉም ዕቃቸውን የሚፈልጉት በመጨረሻ እዚሁ ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቆመ ሞተር ደግሞ በእሳቱ ሊያስቸግር ይችላል።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ቦቢና ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወፍራምና ጥቂት ዙር፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና ብዙ ሺህ ዙር። በወፍራሙ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በቀጭኑ ላይ ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ይፈጠርና ካንዴላው ጫፍ ላይ ይዘላል። በቆዩት ሞተሮች የሚያቋርጠው ፑንቲና ነው፤ በኋለኞቹ ቦታውን ሲዲአይ ወስዷል፤ እሱ ደግሞ ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ወደ ቦቢናው ይለቃል። የቦሽ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ ካቀረበ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። እሳቱ ይኑር፣ ይበርታ፣ ሰዓቱን ይጠብቅ። ብልሽቱ ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ይገባል።

እንበልና አንድ ወጣት ረዳት ያማሃ ዲቲ 125 እየገፋ ወደ ጋራዥ ገባ። «ጋሼ፣ ቦቢናው ነው አይደል?» ይላል። ጥሩ መካኒክ መልስ አይሰጥም፤ «ካንዴላውን ፍታና አምጣ» ይላል። ምክንያቱም ካንዴላ ከመለዋወጫነቱ በፊት ምስክር ነው። ብዙ ከተረገጠ በኋላ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቤንዚን አልደረሰውም፤ እሳት መፈለግ ትርፍ ድካም ነው፣ ወደ ቧንቧውና ወደ ካርቡራቶሩ መሄድ ይገባል። በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑ አለ፣ እሳቱ ይጠረጠራል። እንደ ጥቀርሻ ደረቅ ጥቁር ዱቄት ከለበሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራቶሩ ግን ሲሠራ ለቆላ ተብሎ የተመጠነ ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ሊኖረው ይችላል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስምና ድብልቁ ይወፍራል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥቀርሻ ሆኖ ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ጥቀርሻ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እሳቱ ክፍተቱን መዝለሉ ቀርቶ በጥቀርሻው ላይ ተንሸራቶ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የብረት አካል፣ ይወርዳል። አዲስ ካንዴላ ሲገባ ሞተሩ ይነሳል፣ ባለሞተሩም «ካንዴላው ነበር» ብሎ ይደሰታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ጥቁር ካንዴላ ይወጣል። ድሬዳዋ ላይ ደህና ሲሠራ የከረመ ሞተር ደብረ ብርሃን ሲወጣ ካንዴላ መብላት ከጀመረ ጥፋቱ የእሳት አይደለም። መፍትሔው አነስ ያለ ጄት፣ ንጹሕ የአየር ማጣሪያ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀልባቸው ሞተሮች ደግሞ ልኩን የጠበቀ ዘይት ነው። ይህን የማይጠይቅ ሻጭ በየወሩ ካንዴላ ይሸጣል፤ ገዢውም አያማርርም፣ ምክንያቱም ሞተሩ በየጊዜው ይነሳለታል።

ካንዴላው ርሶ ከወጣ ቀጣዩ ሥራ እሳቱን ማየት ነው። ሁሉም የሚያውቀው ዘዴ ካንዴላውን ከቆቡ ጋር አድርጎ የብረት አካሉን ሞተሩ ላይ አስነክቶ መርገጥ ነው። ብልጭ ካለ «እሳት አላት» ይባልና ወደ ሌላ ይታለፋል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ክፍት አየር ላይ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ ክፍተት መዝለል ለደካማ ቦቢናም አይከብድም፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ስስ አየር ላይ ደግሞ ይብስ ይቀላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግን ፒስተኑ ያንን አየር ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ አምቆት ይጠብቃል። በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ብዙ እጥፍ ቮልት ያስፈልጋል። ውጭ ላይ ብርቱካንማና ቀጭን ሆኖ የታየው እሳት ውስጥ ሲገባ ጭራሽ አይዘልም።

ስለዚህ የያማሃ የጥገና መመሪያዎች እሳቱን ቢያንስ 6 ሚሊሜትር በሆነ ክፍተት እንዲፈትኑት ያዝዛሉ። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ባይኖር አንድ አሮጌ ካንዴላ ተወስዶ የጎን ጥፍሩ ይቆረጣል፤ እሳቱ ከመሀሉ ተነስቶ ጠርዙ ድረስ እንዲዘል ይገደዳል። ጥላ ውስጥ ሆኖ ሰማያዊ፣ ወፈር ያለ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ያለው እሳት ከታየ ያ ደህና ነው። በዚህ ጊዜ ካንዴላው ሞተሩን በደንብ መንካት አለበት፤ መውጫ ያጣ ቮልት ቦቢናውን ወይም ሲዲአይዋን ሊጎዳ ይችላል። የካንዴላው ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ቤንዚን እየተነፈሰ እሳት አጠገቡ መፈተንም አደጋ ነው፤ ቀዳዳው በጨርቅ ይደፈን።

እሳቱ ደካማ ከሆነ ከካንዴላው ወደ ኋላ ይኬዳል። ቆቡ ይፈታል፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው የ5 ሺህ ኦም ያህል ሬዚስተር አላቸው፤ ቴስተር ከዚያ እጅግ የራቀ ቁጥር ካሳየ ቆቡ ሞቷል። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከተገኘ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይቆረጥና ቆቡ እንደገና ይጠመዘዝበታል፤ ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ ሞተርም አስነስቷል። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡን ሲያወርዱት ውሃ በቆቡ ጎማ ሥር ይገባል። የገመዱ ሽፋን የተሰነጠቀ እንደሆነ በጨለማ ሞተሩን እየረገጡ ማየት ነው፤ ሰማያዊ ጭረት በገመዱ ላይ ሲሮጥ ይታያል።

ፑንቲና ያላቸው ሞተሮች የተለየ እጅ ይፈልጋሉ። ቬስፓ ላይ ቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጎን የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ መስኮት አለው፤ በዚያ ሲታይ ሁለቱ ትንንሽ ክብ ብረቶች ይገናኛሉ፣ ይላቀቃሉ። አንዱ ላይ ጉድጓድ፣ ሌላው ላይ ጉብታ ካለ በቀጭን ሞረድ ይስተካከላል። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት በመሀላቸው ይሳባል። ወረቀቱ ጥቁር ይዞ ይወጣል፤ ሌላ ይሳባል፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። የጣት ቅባት ብቻ እሳቱን ሊያጠፋው ስለሚችል ይህ ደረጃ አይዘለልም። ክፍተቱ በቀጭን የብረት መለኪያ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊሜትር ላይ ይወሰናል። ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሰዓቱ የሚለካው ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ፑንቲናው ላይ ትልቅ ብልጭታ እየታየ ካንዴላው ላይ እሳቱ ከደከመ ኮንደንሰሩን መጠርጠር ነው።

ሲዲአይ ባለበት ሞተር ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ በዚያው ልክ የሚታይ ነገርም የለም። ጥቁር ሳጥን፣ ጥቂት ገመዶች። ግን ከሳጥኑ በፊት የሚነካ አንድ ነገር አለ። በብዙዎቹ ላይ የማጥፊያው ቁልፍ ሥራ አንዱን ገመድ ከማሳ ጋር ማገናኘት ነው። መሪው ላይ ያለው ቁልፍ ውስጡ ዝጎ ወይም ገመዱ ተልጦ ከብረት ጋር ከተነካካ ሞተሩ «ጥፋ» እንደተባለ ይቆጠራል፤ የፈለገው ያህል ቢረገጥ አይነሳም። ያንን ገመድ ከሲዲአይዋ ነቅሎ መሞከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እሳት ከመጣ መለዋወጫ አያስፈልግም፤ የተላጠው ቦታ ይፈለጋል። ቀጥሎ ሶኬቶቹ ይነቀላሉ፣ ይጠረጋሉ፣ ይመለሳሉ፤ ቦቢናው የታሰረበት ቡሎን ሥር ያለው ቀለምና ዝገት ይፋቃል፤ ማሳ የሌለው ቦቢና እሳት አይሰጥም።

አንድ አስቸጋሪ ብልሽት አለ። ሞተሩ ጠዋት በአንድ ርግጫ ይነሳል፤ ከሰባተኛ ተነስቶ ኮልፌ ሳይደርስ ይጠፋል፤ ሃያ ደቂቃ ቆሞ እንደገና ይነሳል። ይህ ሲሞቅ የሚለቅ ቦቢና ሊሆን ይችላል፤ ቀጭኑ ሽቦ በሙቀት ሲላቀቅ ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። እንዲህ ያለው ቦቢና ጋራዥ ደርሶ ሲለካ ቀዝቅዟልና ደህና ይመስላል፤ መለካት ያለበት ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት፣ ትኩስ እንዳለ ነው። ነገር ግን ልክ ይህንኑ ምልክት የሚሰጥ ሌላ ምክንያት አለ፦ የቤንዚን ታንኩ ክዳን የአየር ቀዳዳው ከተደፈነ ቤንዚን እየወረደ ሲሄድ ታንኩ ውስጥ አየር ይጎድልና መውረዱ ያቆማል። ሞተሩ ሲጠፋ ክዳኑን መክፈት ነው። አየር ሲሳብ ከተሰማና ወዲያው ከተነሳ ጥፋቱ በመርፌ የሚጸዳ አንዲት ቀዳዳ ናት። ቦቢና የሚገዛው ይህ ከተሞከረ በኋላ ነው።

መግዛት የግድ ሲሆን መርካቶ ላይ ዓይን ያስፈልጋል። የኤንጂኬ ካንዴላ ላይ ያለው ፊደልና ቁጥር ትርጉም አለው፤ ዲ8ኢኤ በተባለው ላይ ዲ የጥርሱን ውፍረት 12 ሚሊሜትር፣ ኢ ደግሞ የጥርሱን ርዝመት 19 ሚሊሜትር ያመለክታል። አጭር የሚገባበት ቦታ ረጅም ካንዴላ ከተጠመዘዘ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። መሀል ያለው ቁጥር ዝቅ ሲል ካንዴላው ሞቃት፣ ከፍ ሲል ቀዝቃዛ ነው። ተመሳስሎ የተሠራ ካንዴላ በመላው ዓለም ያለ ችግር ነው፤ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ጥርሱ ሸካራ፣ ቀለበቱ በእጅ ሲነካ ወልቆ የሚወጣ ከሆነ መመለስ ይሻላል። አሮጌ ቦቢና የሚገዛ ሰው ቴስተር ይዞ ይሂድ፤ የወፍራሙ ሽቦ ልኬት ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች፣ የቀጭኑ ብዙ ሺህ ኦም መሆን አለበት። ሻጩ ማስለካት ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ።

ሲዲአይ ግን በቴስተር ብቻ አይፈረድባትም። አስተማማኙ መንገድ ከተመሳሳይ ሞተር ላይ ደህናዋን ተውሶ መሞከር ነው፤ መካኒኮች እርስ በርስ የሚተዋወሱበት ጋራዥ ለባለሞተሩ ብዙ ብር ያድናል። እንዲህ ያለ ጋራዥ ያገኘ ሰው አንድ ነገር ቢጨምር መልካም ነው፦ ሞተሩ ደህና ሳለ፣ እሳቱም ሰማያዊ ሆኖ ሳለ፣ የቦቢናው ሁለቱም ልኬቶች፣ የቆቡ ልኬት፣ የፑንቲናው ክፍተትና የካንዴላው ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከመቀመጫው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ክረምት ሞተሩ አልነሳ ሲል፣ መካኒኩ የሚለካውን ቁጥር ከዚያ ወረቀት ጋር ያስተያያል።