ፊቱን ሳናይ ያወቅነው ተዋናይ

ተዋናይ የሚታወቀው በፊቱ ነው ይባላል። በእንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ሌባ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቄስ ሆነው ብቅ የሚሉ፣ ተመልካቹ መልካቸውን ለይቶ ስማቸውን ግን የማያውቀው ብዙ ተዋንያን አሉ። እኛ በመቱ ያደግን ልጆች ግን አንድ ታላቅ ተዋናይ ያወቅነው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ስሙንና ድምፁን አወቅን፤ ፊቱን ግን አላየንም። ይህ ከያኒ ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም በልጅነቴ እኛ ሰፈር ከሬዲዮ በቀር ሌላ መስኮት አልነበረም። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ማታ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድብ ጆሯችንን ከሣጥኑ ጋራ አጣብቀን «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለውን ዝግጅት እንጠባበቅ ነበር። ወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚተርከው በዚያ ነበር።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ስለ ጎጃም ኅብረተሰብ የሚናገር ሥራ ነው። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው ከራስ እምሩ ጦር ጋራ ዘምተው፣ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣልያ የተጋዙ አርበኛ ናቸው። ራስ እምሩ በዚያ የጭንቅ ወራት ጎሬን ማዕከል ማድረጋቸውን የኢሉባቦር ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰምተው ይተርካሉ። ስለዚህ ልብ ወለዱ ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም ደራሲው ከእኛ ምድር ታሪክ ጋራ የተቆራኙ ሰው ነበሩ።

ከአድማጮቹ ሁሉ ጽኑዋ አያቴ ነበረች፤ አኮ እንላታለን። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የምትሰማው በጥቂቱ ነበር። ይሁንና የፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ ሲመጣ ፊቷ ይጠቁራል፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር ቡናዋን መቅዳት ትታ ታዳምጣለች፤ ሰብለ ወንጌል ስትተክዝ «እሰይ ልጄን!» ትላለች። አንድ ምሽት «በዚህ ሣጥን ውስጥ ስንት ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንድ ሰው ብቻ ነው አኮ» አልኋት። አላመነችኝም። ጥቂት ቆይታም «ይህን ሁሉ ሰው የተሸከመ አንድ ሰው፣ ማታ ሲተኛ የሚተኛው የትኛው ነው?» አለችኝ። ስለ ትወና ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ግን አላገኘሁም።

ወጋየሁ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከዚህ ዓለም ሲለይ ፎቶግራፉን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ስለ እውነት ለመናገር፣ ተከፋሁ። በልቤ የቀረጽሁት ሰው አልነበረም። ፊታውራሪውንም፣ ባላገሩንም፣ ልጃገረዲቱንም በአንድ ፊት ላይ ፈለግሁና አጣሁ። የጥበቡ ምሥጢር ግን እዚያው እንደ ነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው፤ እኔም በድዬ ከተማርሁ በኋላ።

መምህር ሆኜ ለተማሪዎች አንድ አጭር ተውኔት ሳዘጋጅ የአንድ ባላገር አባትን ሚና ለአንድ የገጠር ልጅ ሰጠሁት። ልጁ ቃሉን አጥንቷል፤ አቋሙም ያማረ ነው። አማርኛው ግን የኦሮምኛ ቃና ነበረው። እኔም በጓደኞቹ ፊት «አነጋገርህ ለመድረክ አይሆንም» ብዬ ሚናውን ለከተማ ልጅ አስረከብሁ። ልጁ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

በዚያው ሰሞን የወጋየሁን ትረካ በካሴት እንደገና ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት። ይህ ሰው ትልቅ የሆነው ድምፁን ስላሳመረ አይደለም፤ ለያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን አንደበት ስለ መለሰለት ነው። መሸሻ የመሸሻን ትዕቢት፣ ጉዱ ካሳ የጉዱ ካሳን ምሬት ይናገራል፤ ባላገሩም በከተማ ሰው አፍ አይናገርም። እኔ ግን ባላገሩን ለመጫወት ከባላገር ቤት የመጣውን ልጅ አንደበት ነሥቼው ነበር።

በማግሥቱ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሚናውንም መለስሁለት። «ለእሱ ይሁን ጋሼ፤ ለምዶታል» ብሎ በትሕትና እምቢ አለኝ። ዕዳው እስከ ዛሬ በእኔ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልምምድ የምጀምረው በሌላ መንገድ ነው። ተማሪዎቼን «አባታችሁ ሲቆጣ፣ እናታችሁ ገበያ ስትከራከር፣ ጎረቤታችሁ ሲያለቅስ እንዴት እንደሚናገር ሰምታችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። ከሁሩሙ፣ ከያዮ፣ ከቡሬ መንደሮች የመጡ ልጆች የየራሳቸውን ሰው ይዘው ይመጣሉ። ክፍሉም በሰው ይሞላል።

ዛሬ መቱ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ የተተከለባት፣ በየቤቱም ቴሌቪዥን የሚታይባት ከተማ ናት። ፊት እንደ ልብ ነው። ሆኖም ወጣት ተዋንያን በመስታወት ፊት ሲደክሙ ባየሁ ቁጥር የአኮ ጥያቄ ይመጣብኛል። መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል፦ እንዲህ ያለ ተዋናይ ሲተኛ የሚተኛው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት በአድማጮቹ ቤት ነቅተው ያድራሉ።