ነጭ ዱቄት ሁሉ አንድ አይደለም

ሰሞኑን በክፍላችን የተነሣ አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ እኛን ዕጩ መምህራንን ለሁለት ከፍሎን ሰንብቷል። ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ከአሞንያ ጋር ሲዋሐድ ግላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይሰጣል። ብቻውን ግን አይመጣም፤ አሞንየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ያስከትላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም በውኃ ይሟሟሉ። ታዲያ በምን ይለያያሉ?

ገሚሶቻችን «ቀመሩን ካወቅን መች አነሰን! የምንመደብበት ገጠር ላቦራቶሪ የለው» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ እርሳስ አንሥተን አሰላን። በቀመሩ መሠረት ከ75 ግራም ግላይሲን ጋር 53.5 ግራም ጨው ይገኛል። ውኃውን አትንነን የቀረውን ሁሉ «ግላይሲን» ብለን ብንመዝን፣ ከመቶ 40 እጅ የሚበልጠው ጨው ነው ማለት ነው! ይህን ለተማሪ ምርት ነው ብሎ ማስተማር ገብስን ከነገለባው መስፈር ነው።

የሟሟን ነገር ወንፊትም ሆነ ማጣሪያ ወረቀት አይይዘውም። ከሚለዩት ዘዴዎች አንዱ ክሮማቶግራፊ ነው። ይህን ስም በ1906 እ.ኤ.አ. የሰጠው የቅጠል ቀለሞችን የለየው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ጽቬት ሲሆን፣ የግሪክኛው ፍቺ «የቀለም ጽሕፈት» ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ሽሮ ሜዳ ገበያን ማሰብ ይበቃል። ሁለት ሰዎች እኩል ተነሥተው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ እንበል። አንደኛው በየሱቁ ዘመድ ስላለው ቆሞ ደኅንነት ሳይጠይቅ አያልፍም። ሌላው ማንንም ስለማያውቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እላይ ሲደርሱ ተለያይተዋል። በመስታወት ቱቦ የታጨቀው የሬዚን ፍሬም እንደዚሁ ገበያ ነው። በአሲድ ተዘጋጅቶ ድብልቁ ሲፈስበት ግላይሲኑ ሃይድሮጅን አዮን ተቀብሎ ፖዘቲቭ ይሆንና ይጣበቅበታል፤ አሞንየሙም እንዲሁ። ክሎራይዱ ግን እዚያ ዘመድ የለውምና በውኃ ታጥቦ ይወጣል። ማለቁን በሲልቨር ናይትሬት እናረጋግጣለን፤ ነጭ ዝቃጭ ካልታየ አልቋል። ቀጥሎ ቀጭን የአሞንያ ውኃ ሲፈስ ግላይሲኑ ይለቅና ይወርዳል፤ አሞንየሙ ሬዚኑ ላይ ይቀራል። አብሮ የወረደው አሞንያ ተንኖ ካለቀ በኋላ ኒንሃይድሪን ጠብ አድርገን ስናሞቅ ወይን ጠጅ ቀለም ከመጣ፣ ግላይሲኑ ተገኘ። አሞንያ ራሱ ይህን ቀለም ስለሚያመጣ መቸኮል አያስፈልግም።

ይህ የላቦራቶሪ ቅንጦት እንዳይመስለን። በደንቢያና በፎገራ የስንቱን ገበሬ እግር ያሰረው የጓያ መርዝ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው። በእህሉ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ለመለካት ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ አስቀድሞ ከሌሎቹ አሚኖ አሲዶች መለየት ነው። የገጠር ልጅ ይህን ከኛ ካልሰማ ከማን ይሰማል?

ሬዚን የሌለው ትምህርት ቤት ጠመኔ አያጣም። በነጭ ጠመኔ ላይ፣ ከጫፉ ጥቂት ከፍ አድርገን፣ በውኃ የሚሟሟ ጥቁር ቀለም እንንካና ነጥቡ ሳይነከር ጫፉን በጥቂት ውኃ ውስጥ እናቁመው። ውኃው ሽቅብ ሲወጣ ጥቁር የመሰለን ቀለም ወደ ልዩ ልዩ ቀለማት ይበተናል። ተማሪው በዓይኑ ያየውን አይረሳም።

የተለየ አስተያየት ያለው ወንድም ወይም እህት ከዚሁ ሥር ይለጥፍልን።