የላይኛውና የታችኛው ማሳ

ግድብ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ዓባይን ነው። ቦንድ ገዝተናል፣ ወደ 8100 መልእክት ልከናል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ጨፍረናል። የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ነገር ከተነሳ ማን ያቆመናል? ታዲያ ከድሬዳዋ ወጥተን ዋሂል ስንደርስ ያው ክርክር በሁለት የማሽላ ማሳዎች መካከል ቁጭ ብሎ ጠበቀን።

የድሬ ልጅ ወንዝ ብሎ የሚያውቀው ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ እንሻገርበታለን፣ ኳስ እንጫወትበታለን። ዝናቡ የሚወርደው በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ስለሆነ ከተማው ጠብታ ሳያይ ጎርፉ ከች ሊል ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት የመጣው ከ250 በላይ ሰው ገደለ፣ ሺዎችን አፈናቀለ። እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን፤ እናቶቻችን ግን ዛሬም ሰማዩ ሲያጉረመርም እንቅልፍ የላቸውም። በወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል። ሆኖም ሚያዝያ 2012 ጎርፍ እንደገና ሰው ገደለ።

ግንብ ውሃውን ከደጅ ይመልሳል እንጂ ተራራው ላይ አይዘውም። እዚያ የሚይዘው ክትር ነው፦ ቦረቦሩን አቋርጦ የሚደረደር ድንጋይ፣ አንዳንዴም በሽቦ የታሰረ። ውሃው ይዘገያል፣ ደለሉ ከኋላው ይቀራል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦሩ ማሳ ይሆናል።

ዋሂል ያገኘናቸው አዛውንት እንዲህ ያለውን ማሳ በኩራት አሳዩን። ከሳቸው ዝቅ ብሎ የሚያርሰው ጎረቤት ግን ክትሩ ይፍረስ ባይ ነው። አንዷ ጓደኛችን ኦሮምኛውን እየመለሰችልን አዳመጥነው። «የኔ ዝናብ ከሰማይ አልነበረም፤ በዚህ ቦረቦር ነበር የሚመጣው» አለ። ማሳው በጎርፍ ይጠጣ ነበራ!

ኦሞ ትዝ አለን። ከፍታው 243 ሜትር የሆነው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ሲመረቅ እኛ የሰማነው ስለ መብራቱ ነበር። ታች ያሉት እነ ዳሰነች ግን ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ግድቡ የለመዱትን የዓመት ጎርፍ ቆረጠባቸው።

ይፍረስ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ክላማዝ ወንዝ ላይ አራት ግድቦች ተነቅለው ሥራው በ2024 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ወዲያው ተመለሰ። አስቀድሞ ግን ለዓመታት የተጠራቀመው ደለል ወንዙን አጨቅይቶት ነበር። ያም ብዙ ዓመት ተጠንቶ ነው። የዋሂሉ ክትር በአንድ ሌሊት በዶማ ቢናድ አፈሩ ተጠርጎ ይሄዳል፣ ቦረቦሩም ከቀድሞው የባሰ ሊቆፈር ይችላል። የታችኛው ገበሬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ታዲያ ልጆቼ አፈር ይብሉ?» ነው መልሱ።

እኛ የምንለው ክትሩ ይቁም፣ ግን በጎኑ ማፍሰሻ ይውጣለትና የታችኛው ድርሻውን ያግኝ ነው። (በየዓመቱ ይህን ያህል ክትር ተሠራ እየተባለ ሲቆጠር እንሰማለን፤ ከክትሩ በታች ማን እንደሚያርስ ሲጠየቅ ግን አልሰማንም።) አዛውንቱ ማፍሰሻውን አልጠሉትም፤ የጨነቃቸው ውሃው እሱን ታክኮ ድንጋዩን እንዳይሰረስረው ነው።

ነገሩ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሽማግሌዎች ፊት እንዲታይ ተቀጥሯል። ዝናቡ ከቀደመ ግን ክትሩን ማን እንደሚያፈርሰው አይታወቅም።