መሰንቆና ልጆቻችን

ልጅን ከክፉ ነገር መጠበቅ የወላጅ ግዴታ ነው። ነገር ግን ክፉ ያልሆነውን ክፉ ነው ብሎ መከልከል ጥፋት መሆኑን በቅርቡ በገዛ ቤታችን ተረዳን።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፥ ናዝሬት ስትባል በኖረችው በአዳማ ከተማ፥ በዘመዳችን ሠርግ ላይ ተገኝተን ነበር። ከአርሲ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ በአማርኛም በኦሮምኛም እያዜሙ እንግዳውን ሁሉ ደስ አሰኙት። የዐሥር ዓመት ልጃችንም ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ዐይኑን ከደጋኑ ሳይነቅል አመሸ። ቤት ስንገባ፥ «አባባ፥ መሰንቆ ይግዙልኝ» አለን። እኛም ሳናስብ፥ «የጨዋ ልጅ መሰንቆ አይዝም» ብለን መለስንለት። ልጁም ሁለተኛ አልጠየቀም።

ጥቂት ቀን ቆይተን ባንጆ ስለሚባለው የአሜሪካ መሣሪያ የተጻፈ አነበብን። ብዙ ሰው የነጮች መሣሪያ ይመስለዋል፤ ሥሩ ግን በምዕራብ አፍሪካ ነው። በሴኔጋልና በጋምቢያ የሚኖሩት ጆላዎች አኮንቲንግ የሚሉት ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ አላቸው። ገላው በቆዳ የተሸፈነ ቅል ነው፤ አንደኛው አውታር አጭር ሆኖ በአውራ ጣት ይመታል። በባርነት ባሕር የተሻገሩ አፍሪካውያን ይህን የመሰለውን ጥበብ በልባቸው ይዘው ሄዱ። ሐንስ ስሎን የተባለ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጃማይካ እንዲህ ያለውን መሣሪያ አይቶ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው፥ ባንጆ ይዘው በጥቁሮች ላይ ያላግጡ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ መሣሪያውን እያፈሩበት ተዉት፤ ባለቤትነታቸውም ተረሳ። ዳንኤል ጃታ የተባለ ጋምቢያዊ ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ የባንጆን ድምፅ በሰማ ጊዜ የአባቱን አኮንቲንግ አስታወሰ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ከአባቱ ተማረ።

ይህን ባነበብን ጊዜ ለልጃችን የሰጠነው መልስ ትዝ አለንና አፈርን። መሰንቆስ ምንድር ነው? አራት ማዕዘን የእንጨት ገላ፥ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፥ በመካከሉ የሚያልፍ አንድ ዘንግ፥ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታርና ደጋን ነው። በገናን መኳንንት ሲደረድሩት ክብር ነበር፤ መሰንቆን ግን ለአዝማሪ ትተን ናቅነው። ሆኖም አዝማሪና መዝሙር የሚሉት ቃሎች ከአንድ ሥር፥ ከግዕዙ «ዘመረ» የወጡ ናቸው።

እኒያን ሽማግሌ ፈልገን በገበያ ቀን አገኘናቸው። «አባቴ፥ ለልጆችዎ አስተምረዋልን?» ብለን ጠየቅን። «ጌታዬ፥ ልጆቼስ ያፍሩበታል። እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ሥር ይሸሽጉታል» አሉን። እኛም የምንመልሰው ቃል አጣን፤ ያ እንግዳ እኛ ነንና።

ዛሬ ሽማግሌው በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጡ ልጃችንን ያስተምራሉ። ደጋኑ ገና ይንቋረራል፤ የቤት ሰውም ጆሮውን ይይዛል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሽማግሌው የራሳቸውን ታናሽ ልጅ ይዘው መጡ፤ ሁለቱም ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተማሩ። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ በቤታችሁ መሰንቆ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር፥ ከመከልከላችሁ በፊት እንድታስቡበት እንለምናለን።