24 ወር ስንት ቀን ነው?

ሪያድ በገባሁ በሁለተኛው ወር ለእናቴ ሕክምና ብዬ ከማዳም 500 ሪያል ተበደርኩ። ደብተሯ ላይ ጻፈችና አስፈረመችኝ። እኔ ያየሁት አንድ ክብና ሁለት ነጥብ ነው። ክቡ ዜሮ መሰለኝ፣ ነጥቦቹን ከምንም አልቆጠርኳቸውም። ምንም አልጻፈችብኝም፣ ሰጠችኝ ማለት ነው ብዬ ለእናቴ ሁሉ አወራሁ። ወሩ ሲያልቅ ግማሽ ደመወዜ ተቆርጦ መጣ። ለካ የዓረቦቹ አምስት ክብ ነው፣ ዜሮአቸው ነጥብ!

አልቅሼ ሲወጣልኝ ነገሩን ማሰብ ጀመርኩ። ምልክቱን ሰው እንደፈለገ ያወጣዋል። የእኛው የግዕዝ ቁጥር ጭራሽ ዜሮ የለውም፤ ለአሥር ለብቻ፣ ለመቶ ለብቻ ምልክት አለው። በክብም ጻፉት በግዕዝ፣ ከእኔ የተቆረጠው ያው 500 ነው። ታዲያ ቁጥር ራሱ የሰው ፈጠራ ነው ወይስ ሰው ሳይኖርም ነበረ? አሥረኛ ክፍል ስንማር ይህን የጠየቀን የለም፤ ቀመሩን ሸምድደን ፈተና ገባን።

የባሰብኝ ኮንትራቴ ሊያልቅ ሲል ነው። ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ደብተሬ ላይ አንድ አንድ ጭረት አደርጋለሁ። በግድግዳው የሂጅራ ካሌንደር 24 ወር ሲሞላ ቆጠርኳቸው፤ 708 ሆኑ። ሻንጣዬን ላወርድ ስል ባባ ወረቀቱን አወጣና "ኮንትራቱ በፈረንጅ ነው፣ ገና 22 ቀን ይቀርሻል" አለኝ። ደመወዜ 1000 ሪያል ነውና 22 ቀን ከ700 ሪያል በላይ ነው። ግን ወረቀቱ እንደዛ ስለሚል ምን እላለሁ? በ2016 በፈረንጅ የሳውዲ መንግሥትም የሠራተኞቹን ደመወዝ ከሂጅራ ወደ ፈረንጅ አዙሮታል፣ እነሱም በዓመት 11 ቀን ያህል ሄደባቸው። የእኛም ጳጉሜ ደመወዝ የላትም።

ወርን ሰው ነው የሚከፋፍለው። ጨረቃ 12 ጊዜ ዞራ 354 ቀን ገደማ መሆኗን፣ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን መጉደሏን ግን ማንም አልወሰነም። ዓረቦቹ ጉድለቱን ተዉት፣ ለዚህ ነው ረመዳን አንዴ በሙቀት አንዴ በብርድ የሚመጣው። እኛ ደግሞ ጨረቃዋን ትተን ወሮቹን 30፣ 30 አደረግንና የተረፈውን ጳጉሜ አልነው።

ይህን ለጓደኛዬ በስልክ ስነግራት "ቆጣሪ ከሌለ 708 የት አለ? ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች እንጂ ቁጥር አታውቅም" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ እንግዳ መጣና 13 ስኒ ትሪ ላይ መደርደር ነበረብኝ። በሁለት ረድፍ ባደርገው አንድ ተረፈ። በሦስትም አንድ፣ በአራትም አንድ፣ በአምስት ሦስት፣ በስድስት እንደገና አንድ። 12 ቢሆን በሁለትም በሦስትም በአራትም በስድስትም ልክ ይመጣ ነበር። ይህን እኔ አላወጣሁትም። ማዳም እኩል አድርጊው ብላ ብትቆጣም አይሆንም፤ እሷ የማታዝዘው ነገር ቤቱ ውስጥ ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ማታ መልሼ ደወልኩላት።

"እሺ፣ ማይነስ ሦስት ስኒ አሳዪኝ" አለችኝ። ይቺ ልጅ! ማሳየት አልችልም። ማይነስን የማውቀው በዕዳ ነው። ስመጣ የደላላ ዕዳ ነበረብኝ፣ ስድስት ወር ሙሉ የኖርኩት ከዜሮ በታች ነው። ዕዳውን ደላላውም እኔም ብንረሳው ይጠፋል። 13 ስኒ ግን ሁላችንም ብንረሳውም በሁለት እኩል አይደረደርም። ስለዚህ ማይነስን ሰው ነው የሠራው አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና "ሰው ከሠራው ታዲያ ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ለምን የግድ ፕላስ ይሆናል? ሌላ አድርጊው እስቲ" አለችኝ። ቅድም ቆጣሪ ከሌለ ቁጥር የለም ያለችው ራሷ ናት! ሌላ ለማድረግ ሞከርኩ፣ ስደምርና ስቀንስ የነበረው ሁሉ ተበላሸብኝ።

አሁን እሱ ላይ ነን። ይህን ስጽፍ ጭረቴ 719 ደርሷል፣ 11 ይቀሩኛል።