ቅቤ በኩባያ

ባንጋሎር፣ ላልባግ መንገድ ላይ ያለው ኤም ቲ አር በ1924 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ምግብ ቤት ነው፤ ዛሬም ወረፋ ያስይዛል። ተራዬ ሲደርስ ከማላውቃቸው ባልና ሚስት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አዳበሉኝ። ደግ አደረጉ፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ደስ አይለኝም።

ራቫ ኢድሊ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሩዝ ሲጠፋ፣ ደቀቅ ባለ የስንዴ ሽርክት ፈጠርነው ይላሉ የምግብ ቤቱ ሰዎች። እንፋሎት ያበሰለው፣ ድቡልቡል፣ አናቱ ላይ አንዲት የካሹ ፍሬ የተለጠፈችበት። ከጎኑ በትንሽ ኩባያ የቀለጠ ቅቤ። ሳፈስበት ምጥጥ! ማንኪያውን ገፋ አድርጌ በእጄ ገባሁበት።

አዛውንቱ ባል አዩኝና ሳቅ ብለው የራሳቸውን ኩባያ ወደ እኔ አስጠጉ። ኮሰረት ቢገባበት ኖሮ የእናቴ ቅቤ ነው ብዬ እምል ነበር።