የዩኒቨርሲቲ ምደባ አርባ ምንጭ ለደረሳት ልጄ

ለተወደድሽው ልጄ፣

  ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ከፍቶት ነበር። ሙቀቱ እንቅልፍ እንደነሳሽ፣ ትንኙ እንዳስቸገረሽ፣ አዲስ አበባ የተመደቡት ጓደኞችሽ ፎቶ በላኩልሽ ቁጥር ሆድሽ እንደሚባባ ነገርሽን። እናትሽ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ዝም ብላ ቆየችና «አገሩ ያንተ ነው፤ ጻፍላት እንጂ» አለችኝ። በስልክማ ወሬው ይቆራረጣል፣ ካርዱም ያልቃል። ስለዚህ ሸማውን ለዛሬ ገታ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ለሰው ሁሉ «ሩቅ አገር ደረሰኝ» ትያለሽ አሉ። አዲስ አበባ ካለው ቤታችን፣ ከሽሮ ሜዳ ካየሽው በሻሸመኔ በኩል ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስለሆነ እውነትሽን ነው። ካለሽበት እስከ ጨንቻ ግን 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዶርዜ ደግሞ ጨንቻ ሳትደርሺ ነው። የአያትሽ ቤት እዚያ ነው። ልጄ፣ ከእኛ ብትርቂም ከዘመዶችሽ ቀርበሻል።

እስቲ አንድ ቀን ፀሐዩ ሳይከር ሴቻ አፋፉ ላይ ወጥተሽ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙሪ። በስተግራሽ አባያ፣ በስተቀኝሽ ጫሞ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሰዉ የእግዜር ድልድይ የሚለው ጫካ የለበሰ ከፍታ ይታይሻል። የጎን ለጎን ሐይቆች ሆነው መልካቸው አይገናኝም። ጫሞ ሰማዩን መስሎ ሲተኛ አባያ እንደ ጎርፍ ውኃ የቀላ ነው። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለምን እንደቀላ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ፣ ምክሬም እዚያው ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ቦቴጎ የሚባል ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1896 እዚያ ደርሶ አባያን በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎት ነበር። አገሩ አድዋ ላይ ድል በሆነበት ዓመት መሆኑ ነው እንግዲህ። ጫሞን ደግሞ ሩስፖሊ አለው። ሩስፖሊ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ደቡብ አገር ዝሆን የገደለው መስፍን ነበር። ቦቴጎም በዓመቱ ወለጋ ላይ ተገደለ። የድሮ ካርታ ላይ ስሞቹን ብታገኚ እንዳይገርምሽ። ሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰው ግን በዚያ ስም ሲጠራቸው እኔ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ልጅ ሳለሁ ሸለቆው ለደገኛው የሚያምር ነገር አልነበረም። ከዶርዜ አፋፍ ላይ ቁልቁል እናየዋለን፣ ውኃው ያብረቀርቃል፤ ታላላቆቻችን ግን «እዚያ ያደረ ሰው ይንቀጠቀጣል» እያሉ ያስፈራሩን ነበር። ወባው ነው። ቆላ እርሻ ያለው ሰው ወርዶ ያርሳል፣ ይሰበስባል፣ ለማደር ግን ወደ ብርዱ ይመለሳል። ለዚህ ነው የጋሞ ሰው ከተራራው ላይ ተጠጋግቶ የኖረው። እንሰቱን ጓሮ ተክሎ፣ ገብሱን ዘርቶ፣ በየአገሩ ሸንጎ ተቀምጦ። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ደጋ ላይ ጨንቻ ነበር። በ1950ዎቹ ነው ደጃዝማች አዕምሮ ሥላሴ አበበ ከተማውን ወደ ቆላ ያወረዱት። አሁን አስፋልት ላይ የምትሄጂበት፣ ላይኛው ሴቻ ታችኛው ሲቀላ የሚባለው ከተማ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

ደጋው ጠበበ፣ ልጄ። መሬት ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ሲካፈል ከእግር መዘርጊያ አላለፈም። ያን ጊዜ የእኛ ቤት ልጆች ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሽመና ይዞ አዲስ አበባ መምጣት፣ ሌላው ወባውን ደፍሮ ቆላ መውረድ። እኔ ገና ጢም ሳላበቅል መወርወሪያ ይዤ ሽሮ ሜዳ ገባሁ። በልጅነት ተወስዶ ጉድጓድ ዳር የተቀመጠ ሸማኔ ሌሊቱም ቀኑም አንድ ነው፤ ስለዚያ ዘመን አሁን አልጽፍልሽም። አጎትሽ ደግሞ መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ ወደ ላንቴ ወረደ። መጀመሪያ በቆሎና ጥጥ ነበር የሚዘራው። ጥጡ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ስለዚህ እኔና እሱ ብንለያይም ሥራችን አልተለያየም ነበር። በኋላ ጥጡን ሙዝ ተካው። ላንቴ፣ ጫኖ፣ ቆላ ሸሌ ብትሄጂ አሁን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝ ብቻ ነው፣ አልፎ አልፎ ማንጎ።

ለሙዝ ዋናው ነገር ፀሐይ ነው የሚል ሰው ይገጥምሻል። ፀሐይማ አፋር ላይም አለ። አጎትሽ ማሳ ስትሄጂ ቦዩን ተከትለሽ ወደ ላይ ውጪ። ውኃው ከሐሬ ወንዝ ነው የሚጠለፈው፣ ሐሬም የሚመነጨው ከጨንቻ ከዶርዜ ተራራ ነው። የቆላው ሙዝ የሚጠጣው በደጋው ላይ የዘነበውን ነው። ውኃው በተራ ነው የሚደርሰው፤ የተራው ሰዓት ሌሊት ከሆነም ሰዉ ባትሪ ይዞ ቦይ ዳር ያድራል። በጋ ላይ ወንዙ ሲያንስ ላይኛውና ታችኛው ይጋጫል፣ አንዳንዴም ዶማ እስከ መማዘዝ ይደርሳል። አጎትሽ የዋህ ሰው ነው፤ በውኃ ተራ ግን ወንድሙንም አያውቅም።

አንድ ነገር ልብ ብለሽ እንድታዪ የምፈልገው አቆራረጡን ነው። ሙዝ አንዴ ያፈራ ግንድ ዳግመኛ አያፈራም። አጎትሽ ዘለላው ሲደርስ ግንዱን ከወገቡ ላይ ጫር አድርጎ በገጀራ ይነካዋል፣ ግንዱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ያጎነብሳል፣ ልጁ ደግሞ ዘለላው መሬት ሳይነካ በትከሻው ይቀበለዋል። ከሥር ከበቀሉት ቡቃያዎች አንድ ከፍ ያለ፣ አንድ ትንሽ ይተዉና ሌላውን ነቅለው ይጥላሉ። ከተቆረጠበት የሚወጣው ፈሳሽ ልብስ ከነካ በምንም ሳሙና አይለቅም። ሲቀላ ገበያ ሸሚዙ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት ሰው ካየሽ የሙዝ ሠራተኛ ነው። አንቺም ለማየት ስትሄጂ ነጭ ልብስሽን ግቢ ትተሽ ሂጂ።

ከዚያ አይሱዙው ይመጣል፣ የሙዝ ቅጠል ይነጠፍበታል፣ ዘለላው አረንጓዴ እንደሆነ ይጫናል። አዲስ አበባ ሲደርስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ የሚያበስሉት አሉ። እኛ ቤት «ሙዝ» እያልሽ ስትበዪ ያደግሽው ያንን ነው። ከአጎትሽ ማሳ ወጥቶ እኛ ሰፈር ጉልት ላይ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚነካው፣ ዋጋውም በየእጁ እንዴት እንደሚጨምር አጎትሽን ጠይቂው። ምሬቱን ሲጀምር ግን ቡና ይፈላ፣ ቶሎ አይጨርስምና።

አሁን የአባያን መቅላት ልንገርሽ። ደጋው ሲታረስ፣ ዛፉ ሲቆረጥ፣ ቁልቁለቱ ሲራቆት ክረምት የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ቢላቴም፣ ሐሬም፣ ሌሎችም ወንዞች አባያ ውስጥ ነው የሚገቡት። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲመታው ደቃቁ አፈር አይረጋም፣ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ የምታዪው ቅላት ከተራራው ላይ የወረደ የሰው ማሳ ነው። ከእኛ ቤት ጓሮ የሄደም ይኖርበታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እምቦጭ ታይቶበታል አሉ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ያማርራሉ። ደጋውና ቆላው ድርና ማግ ናቸው፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ለብቻው ጨርቅ አይሆንም። ስለ ሸለቆው ሰው የሚነግርሽን ሁሉ ስትሰሚ ይቺን ያዢ። ሙዙን የሚያበላም፣ ሐይቁን የሚያበላሽም ላይ ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲሽ በ1979 ዓ.ም. ሲከፈት የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበረው ያለ ነገር አይደለም። ትምህርት ክፍል ምረጪ ሲሉሽ እኔ ይህን ግቢ አልልሽም፣ ሕይወቱ ያንቺ ነው። ብቻ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ጨንቻ ድረስ ወጥተሽ መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየሽ ውረጂ።

ምንጮቹንም ሳታዪ እንዳትቀሪ። ከገደሉ ሥር፣ ከጫካው ውስጥ፣ ከየድንጋዩ መሐል ብቅ ብቅ የሚል ንጹሕ ውኃ ነው፤ ከተማው የሚጠጣው እሱን ነው። አርባ ይሁኑ አይሁኑ አልቆጠርኩም። ጫካው እስካሁን የቆመው ለውኃው ሲባል ነው፤ እንጨት ለቃሚ ግን መቼም አይጠፋም።

ስለ ሰዉ ጠባይ ደግሞ ትንሽ። የጋሞ ሰው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ፈሪ እንዳይመስልሽ። ጉዳዩን የሚጨርሰው ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ የተናገረው እስኪጨርስ ሌላው ሳያቋርጥ። መስከረም 2011 ዓ.ም. አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። ቡራዩ ላይ ሰዎቻችን ሲገደሉና ሲፈናቀሉ እኛ ሰፈር የነበረውን ለቅሶ ታስታውሺ ይሆናል። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በሣር የለመነን ሽማግሌ ተሻግሮ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ልጆቹም አለቀሱ እንጂ አልተሻገሩም። ምንም ያላደረጉ የኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ንብረትም ሕይወትም ተረፈ። እኔ ያን ዕለት ሬዲዮ ስሰማ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ዶርም ውስጥ ከሌላ ክልል ከመጡ ልጆች ጋር ነው የምትኖሪው፣ ነገር መነሳቱ አይቀርም። ያኔ ከማን ወገን እንደሆንሽ አስቢ፤ የሣሩ ወገን ነሽ።

ዶርዜ ስትደርሺ የምታገኚው የአያትሽ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል። አባቴ ሲሠራው በሩ ላይ ማንም አያጎነብስም ነበር፣ አሁን አንቺም ትጎነብሻለሽ። አክስትሽ ቆጮ በዳጣ ታቀርባለች፤ «ጠገብኩ» ብትዪ አትሰማሽም። በአማርኛ ባትግባቡ «ሳሮ» ብለሽ ግቢ፣ የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች። ጨንቻ ላይ ደግሞ አፕል ታያለሽ። ችግኙን ያመጡት ሚስዮናውያን ናቸው፤ ዘመናት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆይቶ ነው ወደ ገበሬው ጓሮ የወጣው። አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ ከሙዝ ወደ አፕል የሚወጣበት አገር ነው የደረሰሽ፤ ጓደኞችሽ ፎቶ ሲልኩልሽ ይህንን ላኪላቸው።

ነጭ ሳርን ከጓደኞችሽ ጋር ሆነሽ እዪው፤ ለብቻሽ አይሆንም። ሜዳው ላይ የሜዳ አህያ አለ። ፓርክ የሆነው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ በውስጡና በዙሪያው የኖሩት ኮሬና ጉጂዎች ግን ተነሱ እየተባሉ ብዙ ተንገላተዋል፤ አስጎብኚው ካልነገረሽ ጠይቂው። እዚያው ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተች፣ በሌሊት የምትበር እውነተኛ ወፍ እንጂ የሌሊት ወፍ ያልሆነች አገኙ። ፈራርሳ ስለነበር አንድ ክንፏን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ በአምስት ዓመቱ በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ናት ተብላ ተመዘገበች። እንግዲህ ለመማር የመጣ ሰው የሚያየው ነገር አያጣም።

የቀረው ትእዛዝ ነው፣ አትሰልቺብኝ። አጎበር ሳትዘረጊ አትተኚ። ትኩሳት ከተሰማሽ «ጉንፋን ነው» አትበዪ፣ ያን ዕለት ተመርመሪ። ሐይቁ ዳር እግሬን ላረጥብ የሚል ጓደኛ ካለ ያዢው፤ ቁልፎ ወንዝ ጫሞ የሚገባበትን ቦታ አዞ ገበያ ያሉት በከንቱ አይደለም። ዓሣ ለብለብ ብዪ፣ የሽፈራው ቅጠልም አትናቂ፣ እሱ ነው አጎትሽን ያቆመው። ገንዘብ ካጠረሽ ለእናትሽ ሳይሆን ለእኔ ደውዪ፤ እሷ ሌሊቱን አትተኛም።

ጋቢሽን እናትሽ ጠቅልላ አስቀምጣለች፤ ጨንቻ ላይ ያለ ጋቢ አይቆምም። ቅዳሜ ከሰፈራችን የሚወርድ ልጅ ስላለ በእሱ እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ሲደርስ ይደውልልሻል። እሱ ሲመለስ ከአጎትሽ ማሳ ሙዝ ላኪልን። ጥሬውን ከነዘለላው ይሁን፤ እዚህ ጓዳ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይብሰል፣ ወንድሞችሽ ከታገሱ።

አባትሽ